«ጠንከር ያለው» የትኛው ነው? ስለ ሳይነስና ስለሚዋጡ አንቲባዮቲኮች

ኅዳር ሲገባ የዙሪክ ሰማይ ይደፈናል። ጭጋጉ ሐይቁ ላይ ተኝቶ ለቀናት አይነሣም፤ በባቡሩም በትራሙም ውስጥ የማያስል፣ የማይናፈጥ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በእኛ በሐበሾች ዘንድ ደግሞ ስልኩ ይበዛል። ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ፣ ከዙሪክ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሳይነሴ ተነሥቶብኛል፤ አሞክሳሲሊን ልውሰድ ወይስ ጠንከር ያለ ነገር አለ?» መልስ ሰጪ አይጠፋም። አንዱ ኦግመንቲን ይላል፣ ሌላው የሦስት ቀኗን አዚትሮማይሲን፣ ሌላው ደግሞ «ሲፕሮ ካልሆነ አይለቅሽም» ብሎ ይምላል።

ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሙያዬ ምሕንድስና ነው። የምኖረው ከዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ በምትባል ከተማ ሲሆን ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሐኪሞች ያወጧቸውን መመሪያዎችና የጥናት ውጤቶች አነባለሁ። መሐንዲስ ሁለት ዕቃ አወዳድር ቢሉት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን ሥራ?» ብሎ ነው። ለአንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። «ጠንካራ» የሚባል መለኪያ የለም፤ ያለው ለዚህ ጀርም የሚሆን ወይም የማይሆን፣ ጉዳቱ የሚበዛ ወይም የሚያንስ መድኃኒት ነው። ከዚያም በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ለመሆኑ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ወይ?

ሳይነስ የምንለው ምንድን ነው?

ሳይነስ በሽታ አይደለም፤ ሁላችንም ያለን የአካል ክፍል ነው። በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዐይኖች መካከልና ከዚያ ወደ ኋላ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የሚገኙ አየር የሞላቸው ክፍተቶች ናቸው። ውስጣቸው የለበሰው ቀጭን ሽፋን ንፍጥ ያመነጫል፣ ንፍጡም በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ጉንፋን ሲይዘን ሽፋኑ ይቆጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ፊት ይከብዳል፣ ጎንበስ ሲሉ ግንባር ሊፈነዳ ይደርሳል። ይህ ከአራት ሳምንት በታች የሚቆየው ዓይነት ነው ሐኪሞች አጣዳፊ የሳይነስ ብግነት የሚሉት።

በእኛ አነጋገር ግን «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ብዙ ነገር ይሸፍናል። አቧራና የአበባ ብናኝ የሚያስነሣው አለርጂ ሳይነስ ነው፤ ግማሽ ራስን ነጥሎ የሚወጋው ማይግሬን ሳይነስ ነው፤ ለዓመታት የማይለቀው የአፍንጫ መደፈንም ሳይነስ ነው። ለአለርጂም ሆነ ለማይግሬን አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግም። ስለዚህ «የሳይነስ መድኃኒት» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ካፕሱል ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደማይመለከተው በሽታ ነው።

ትክክለኛው አጣዳፊ ሳይነስ ሲሆንስ? አሁንም መነሻው በአብዛኛው ቫይረስ ነው። በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ጉንፋኖች ወደ ባክቴሪያ ሳይነስ የሚለወጡት ከ2 እንደማይበልጡ ነው። «ንፍጤ ቢጫ ሆኗል፣ አረንጓዴ ሆኗል» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ለመከላከል ከተሰለፉት ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ቫይረስም ሲመጣ ይሰለፋሉ።

ባክቴሪያ መሆኑን የሚያስጠረጥሩት ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሕመሙ 10 ቀን አልፎት ምንም ሳይሻል ሲቀር፤ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ለሦስት አራት ቀን ሲጸና፤ ሦስተኛ፣ ጉንፋኑ ተሻለኝ ካሉ በኋላ እንደገና ሲያገረሽና ከበፊቱ ሲብስ። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ የክኒን ምርጫ ውስጥ መግባት ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት መርሳት ነው።

ያለ መድኃኒት ስንቱ ይድናል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ በ15 ጥናቶች ውስጥ የተካፈሉ 3,057 አዋቂዎችን ውጤት አጠቃሎ አይቷል። አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት በአንድ ሳምንት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ በ14 ቀን ድነዋል። አንቲባዮቲክ የወሰዱት ቶሎ የመዳን ብልጫ አሳይተዋል፤ ብልጫው ግን ከ100 ሰው 5፣ በራጅ በተረጋገጡት ዘንድ ደግሞ 11 ነው። በሌላው የሚዛን ጎን፣ ከ100 ሰው 13 ተጨማሪ ሰዎች የሆድ መረበሽና ተቅማጥ የመሰለ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ማለትም ክኒኑ ከጠቀመው ሰው ሆዱን ያወከው ሰው ይበልጣል።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በ166 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሞክሳሲሊንን ምንም መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ክኒን ጋር አወዳድሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም፤ በአሥረኛው ቀንም ከአሞክሳሲሊኑ ወገን 78 በመቶ፣ ከአስመሳዩ ወገን 80 በመቶው ተሽሏቸው ነበር። «አሞክሳሲሊን ወስጄ ነው የዳንኩት» የሚል ወዳጅ ሲያጋጥመን ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። አልዋሸም፤ ወስዷል፣ ድኗልም። አንደኛው ለሁለተኛው ምክንያት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

መድኃኒቶቹ ጎን ለጎን

አሁን ሐኪሙ መርምሮ «ይህ ባክቴሪያ ነው» አለ እንበል። ተጠርጣሪዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ኒሞኮከስ፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ እና ሞራክሴላ። ከሦስቱ እጅግ የሚያሰጋው ኒሞኮከስ ነው። መድኃኒቶቹን በእነዚህ እንመዝናቸው።

1. አሞክሳሲሊን። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ ይከለክላል። በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነና የሚሠራውም መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ልክ ስለሆነ በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል። ጠዋት ሁለት ክኒን ውጦ እስከ ማታ መርሳት እኩል ውጤት አያመጣም። ርካሽ ነው፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ኒሞኮከስን ደህና አድርጎ ይመታል።

2. አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር (ኦግመንቲን፣ በስዊስ ፋርማሲዎች ኮ-አሞክሲ)። ሞራክሴላ በአብዛኛው፣ ሂሞፊለስም በከፊል አሞክሳሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመነጫሉ። ክላቩላኒክ አሲድ በራሱ ባክቴሪያ ገዳይ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሥራው ያንን መቀስ ማሰር ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ኒሞኮከስ አሞክሳሲሊንን የሚቋቋመው በኢንዛይም ሳይሆን መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቅርጹን በመለወጥ ነው። ስለዚህ ኒሞኮከስን በተመለከተ ኦግመንቲን ከአሞክሳሲሊን አንዲት ነጥብ አይበልጥም፤ የሚረዳው የአሞክሳሲሊኑን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ተቅማጥ ያበዛል፤ አልፎ አልፎም፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ፣ ጉበትን ይጎዳል፤ ጉዳቱም መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ለአጣዳፊ ሳይነስ አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸውን ከ320,000 የሚበልጡ ልጆች መዝገብ አይቶ፣ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ባለመዳን ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ የሆድ መታወክ ግን በኦግመንቲኑ ወገን በዝቷል።

3. ዶክሲሳይክሊን። ፔኒሲሊን ለማይስማማው አዋቂ ጥሩ ምትክ ነው። በብዙ ውኃ፣ ቁጭ ወይም ቆም ብሎ መዋጥ አለበት፤ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ጉሮሮው ሊቆስል ይችላል። ፀሐይ ላይ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ለነፍሰ ጡርም አይታዘዝም።

4. አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን። አዚትሮማይሲን የተወደደው በአጭርነቱ ነው፦ ሦስት ቀን፣ በቀን አንዴ። አጭርነቱ ግን ማታለያ አለበት። መድኃኒቱ ከሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ የመጨረሻዋ ክኒን ከተዋጠች በኋላ ለብዙ ቀናት ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ይቆያል። ከኒሞኮከስም ብዙው ይህን ቤተሰብ ተላምዷል። ለዚህም የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ እነዚህን ለሳይነስ በግምት እንዳይታዘዙ መክሯል።

5. ሲፕሮና ዘመዶቹ። ብዙዎቻችን «ጠንካራ» የምንለው ይህ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለሌላ ዓይነት ኢንፌክሽን ጠቃሚ ቢሆንም በኒሞኮከስ ላይ ደካማ ነው፤ ለሳይነስ ጠንካራ ሳይሆን የተሳሳተ መሣሪያ ነው። ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ኒሞኮከስን ይመታሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ጅማት መበጠስ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2016 ሌላ አማራጭ ላለው የሳይነስ ሕመምተኛ እንዳይሰጡ መከረ፤ በ2018 ስለ ስኳር መውረድና ስለ ትልቁ የደም ቧንቧ መቀደድ ጨመረበት። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑትና ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ በሚወስዱት ላይ ይበረታል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ እነዚህ መድኃኒቶች የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ለጊዜው ስለሚያዳክሙ፣ በሽታው ያለበት ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ምርመራው ሊዘገይበት ይችላል።

6. ባክትሪምና የሚዋጡ ሴፋሎስፖሪኖች። ባክትሪም በተላመዱ ባክቴሪያዎች ብዛት ለዚህ ሥራ ተትቷል። ሴፉሮክሲም አንዳንድ ጊዜ ለፔኒሲሊን ምትክ ይታዘዛል፤ ሴፊክሲም ግን ብቻውን ለኒሞኮከስ አስተማማኝ አይደለም።

ድምሩ ምን ይመስላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአንቲባዮቲክ መጽሐፍ የሚያስቀድመው አሞክሳሲሊንን ወይም አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ነው፣ ለ5 ቀን። የአሜሪካው የ2012 መመሪያ ባለ ክላቩላኒኩን ያስቀድማል። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ከሁሉ የበለጠ ጥንታዊውን፣ ተራውን የሚዋጥ ፔኒሲሊን፣ ለ5 ቀን። ሦስቱ በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ «ጠንካራ» የሚባለውን በመጀመሪያ ረድፍ ያስቀመጠ ግን ከመካከላቸው የለም።

ጎጃም ውስጥ የታየው

«እኔ አንድ ጊዜ ብወስድ ምን ይሆናል?» ለሚል ሰው ከአገር ቤት የተሻለ መልስ አላገኘሁም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል ለመላው ማኅበረሰብ አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ከዚሁ ጋር በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንድ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከጥናቱ ክፍሎች በአንዱ ከ1 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን ሲወስዱ፣ የሌሎች መንደሮች ልጆች ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ ቆዩ።

በ2010 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። መድኃኒቱን የተላመደ ኒሞኮከስ አፍንጫቸው ውስጥ የተገኘባቸው ልጆች ከዘመቻው በፊት 3.6 በመቶ ነበሩ፤ በዓመቱ 46.9 በመቶ ሆኑ። ባልወሰዱት መንደሮች 9.2 በመቶ ነበር። እንግዲህ ይህ ኒሞኮከስ ከላይ ያየነው፣ የእኛኑ ሳይነስ የሚያስይዘው ባክቴሪያ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሃያ አምስት አንድ የነበረው ከሁለት አንድ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው።

ዘመቻው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ወረዳ መድኃኒቱን በወሰዱ ልጆች ላይ ሞት ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ማለቱ በ2009 ተዘግቧል፤ የዓይንና የሕይወት ጉዳይ ነውና ዋጋው ተከፍሎበታል። በሌላ የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ ዘመቻው ከቆመ በኋላ የተላመደው ባክቴሪያ እየቀነሰ መሄዱ ታይቷል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። መላመድ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፣ የመንደር ጉዳይ ነው፤ እጃችንን ስንሰበስብ ደግሞ የሚመለስ ነገር አለ። ያ ዋጋ ለዓይን ብርሃን ሲከፈል ያምራል፤ በሳምንት ለሚለቅ ጉንፋን ሲከፈል ግን ብክነት ነው።

ጄኔቭ የተጻፈው፣ ዲቤንዶርፍ የሚታጠበው

እዚህ በምንኖርበት አገር ይህ ነገር በሁለት ከተሞች በዓይን ይታያል። ጄኔቭ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ክፍል መደባቸው፦ በቀላሉ ሊገኙ የሚገባቸው፣ በጥንቃቄ የሚጠበቁና ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆጠቡ። አሞክሳሲሊን፣ ኦግመንቲንና ዶክሲሳይክሊን ከመጀመሪያው ክፍል ናቸው፤ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮ ከሁለተኛው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዓለም ላይ ከሚወሰደው አንቲባዮቲክ 70 በመቶው በ2030 ከመጀመሪያው ክፍል እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው መሞቱ ተገምቷልና ግቡ የቅንጦት አይደለም።

ዲቤንዶርፍ ደግሞ የዋጥነው ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከምንወስደው አንቲባዮቲክ ብዙው ሳይለወጥ ከሰውነታችን ወጥቶ ወደ ፍሳሽ ይገባል። የከተማዋ የኖይጉት ፍሳሽ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የመድኃኒት ቅሪትን በኦዞን መስበር ሲጀምር በዚህ ስፋት በስዊዘርላንድ የመጀመሪያው ነበር። ከ2016 ጀምሮ በሕግ የተመረጡ ማጣሪያዎች ከእነዚህ ቅሪቶች 80 በመቶውን እንዲያስወግዱ ይጠበቅባቸዋል፤ መወገዱ ከሚለካባቸው 12 ንጥረ ነገሮች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ለጉንፋን ያለ ነገሩ የዋጥነው ክኒን ግላት ወንዝ እንዳይደርስ ማሽንና ኤሌክትሪክ ይከፈልበታል። አገር ቤት ይህን የሚያደርግ ማጣሪያ የለም፤ እዚያ ያለው መከላከያ አለመዋጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በስዊዘርላንድ ከሆስፒታል ውጭ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ተናጋሪው ወገን ከጀርመንኛ ተናጋሪው ይበልጣል። ጀርሙ ቋንቋ አያውቅም፤ ልዩነቱ የልማድ ነው። ልማድ ከሆነ ደግሞ የእኛም ሊለወጥ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከላይ የቆጠርናቸው ምልክቶች ከሌሉ፦ ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን ለሕመሙ፣ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ዕረፍት። ማጠቢያው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የሚነፋው የአፍንጫ መክፈቻ ከሳምንት አይለፍ፤ ከዚያ ካለፈ ራሱ ይደፍናል። እናቶቻችን የሚያውቁት ዝንጅብልና ዳማ ከሴ ያጽናናል፣ ክፉም የለው፤ እንፋሎት መታጠን ከሆነ ግን የፈላ ውኃ እንዳያቃጥል፣ በተለይ በልጆች ዘንድ፣ መጠንቀቅ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስሄደው፦ የዐይን ዙሪያ ማበጥ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር፣ የግንባር ማበጥ፣ መዘባረቅ ናቸው። ስኳር ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰውም በራሱ አይጠብቅ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ታምሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጥርስ ሐኪሙ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቻችን የጤና መድኑን መነሻ ወጪ 2,500 ፍራንክ ስላደረግን ሐኪም ጋ መሄድ ይከብደናል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣው ካርቶን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ይገባኛል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደገመተው በታዳጊ አገሮች ከሚሸጡ ከ10 መድኃኒቶች አንዱ ጥራቱ የጎደለ ወይም የተጭበረበረ ነው። መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ምክሩ ከቀጠሮው ይረክሳል። ሐኪም ጋ ስትደርሱም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «ባክቴሪያ ነው የሚያሰኝዎት ምልክት የትኛው ነው? ሁለት ሦስት ቀን ብጠብቅስ? ስንት ቀን ልውሰድ?» 5 ቀን ካሉ 5 ቀን ነው፤ ቀሪ ተርፎ ለከርሞ አይቀመጥም። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የምትሉም እንደገና አስመርምሩ፤ እንዲህ ከሚሉ 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ሲመረመሩ መድኃኒቱ ይስማማቸዋል፤ በልጅነት መርፌ ፈርቶ መውደቅ አለርጂ አይደለም።

እማማ ወይም አባባ ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ ጠንከር ያለውን ላክልኝ» ሲሉ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ፍቅራችንን የምንገልጸው በመላክ ነውና። ነገር ግን በሰባ ዓመታቸው ሲፕሮ ከምንልክላቸው ለአንድ ጥሩ ሐኪም የሚከፈለውን ገንዘብ ልከን፣ ስንተኛ ቀናቸው እንደሆነ፣ ትኩሳት እንዳላቸው በየማታው ብንጠይቃቸው ይሻላል። ይህ ከመድኃኒት ፖስታ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጅማትም አይበጥስም።

ክረምቱን በጤና ያሳልፈን። ቸር ሰንብቱ።